«ቀልድ ነው፣ ሳቂ»

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ቀን ብዬ የገዛሁት ነው። የክፍላችን ከፍተኛ አስተርጓሚ ጋሽ ታደሰ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሰዎቹ እጅሽን ይዩ ወይስ አበባሽን?» አሉኝ። ቤቴ ተመልሼ ጥቁር ሹራብ ለብሼ መጣሁ።

ባለፈው ዓመት ጡረታ እስክወጣ ድረስ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነበርኩ። የሥራው ደንብ ብዙ አይደለም። ልብስ አንድ ቀለም ይሁን፤ ጥፍር አጭር፤ ቀለበት ቤት ይቅር። መስኮት ከጀርባሽ አይሁን፤ ብርሃኑ እጅሽን ያጨልመዋል። መስማት የተሳናት ሴት በምልክት ስትናገር ድምፅ የምትሆኛት አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ «እሷ እንዲህ አለች» አይባልም። «እኔ» ብለሽ ነው የምትናገሪላት።

ጋሽ ታደሰ ሁለቱም ወላጆቻቸው መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ፣ ምልክትን ያወቁት ከአማርኛ በፊት ነው። በዚያው በመጀመሪያው ቀን ልደታ ማርያም አካባቢ ባለ አዳራሽ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሚሰጥ ሥልጠና ልናስተረጉም ሄድን። አሠልጣኙ ድንገት ቀልድ ጀመረ። ቀልዱ ረጅም፣ ሰዎቹ ብዙ፣ መንደሩ የማላውቀው። መሃሉ ላይ ስደርስ እጄ ደረቀ። ጋሽ ታደሰ ተነስተው ተኩኝና ለተሳታፊዎቹ በምልክት «ሰውየው ቀልድ እያወራ ነው፤ ሲጨርስ ሳቁለት» አሏቸው። ሳቁለት። ደስ ብሎት ሌላ ደገመ።

«ይቺ ዘዴ ከብዙ ጣጣ ታድንሻለች» አሉኝ በእረፍት ሰዓት። እውነታቸውን ነው፤ ለብዙ ዓመት አዳነችኝ።

ኋላ ላይ ሰንጋ ተራ ያለ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ለስብሰባ ይጠራኝ ጀመር። ሰሚራ የምትባል መስማት የተሳናት ንድፍ ሠሪ ነበረቻቸው። ሌላውን ቀን በወረቀትና በስልክ መልእክት ይግባባሉ። ሥራዋ ለእርማት ሄዶ ሲመለስ ቀይ እስክሪብቶ አይነካውም ነበር።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛ ሲታመም ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ግን ስብሰባ ያለ ቀልድ አይከፍቱም፤ ቀልዳቸው ደግሞ ከዓመት ዓመት ስለ ፌሚኒስት ነው። እኩልነት እኩልነት ስትል የከረመች ሴት፣ ሊፍት በተበላሸ ቀን የጋዝ ሲሊንደሯን አይታ «እዚህ ግቢ ወንድ የለም እንዴ?» ትላለች፤ እንዲህ ዓይነቱን። አንድ ቀን ሰሚራ አስቸጋሪ ንድፍ ቀድማ ስታስረክብ አውራ ጣታቸውን አንስተው «ወንዳታ!» አሏት። እኔ «ጎበዝ» ብዬ አሳለፍኩት።

መተርጎሙ አቅቶኝ አይደለም። ገና በማለዳ አይክፋት ብዬ ነው። እንዲያውም ራሴን እንደ ደግ ሰው እቆጥር ነበር። አቶ ግርማ ሲጀምሩ «ቀልድ ነው፣ ሳቂ» እላታለሁ፤ እሷም ትስቃለች። አንዳንዴ «ምን አሉ?» ስትለኝ «ተራ ነገር ነው» እላታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የንድፍ ቡድን መሪ ቦታ ክፍት ሆነና ሰሚራ አመለከተች። ቤቱ ውስጥ ለቦታው ከእሷ የሚቀድም ሰው አልነበረም። ሰኞ አቶ ግርማ ስብሰባውን እንዲህ ብለው ከፈቱ፦ «ሰሚራን አለቃ ካደረግናት ነገ ፌሚኒስት ሆና ባሏን ማጀት ታስገባዋለች፤ ሰውየው መጥቶ እኔን ነው የሚከሰኝ! ለትዳርሽ ስንል ብንተውሽ አይሻልም፣ ሰሚራ?»

ሁሉም ዞረው አዩአት። እጄ የለመደውን ሠራ። «ቀልድ ነው፣ ሳቂ።» ሳቀች፤ ራሷንም በአዎንታ ነቀነቀች።

ሐሙስ ዕለት በመልእክት ጠራችኝ። ለቃለ መጠይቅ የሚቀርቡ ሰዎች ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ወጥቷል፤ የሷ ስም የለም። አብረን አቶ ግርማ ቢሮ ገባን።

«እኔ ለምን ቀረሁ?» አልኩ፣ ድምፅ ሆኜላት።

«ሰኞ ጠየቅኩሽ እኮ!» አሉ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። «ለትዳርሽ ስንል እንተውሽ ብልሽ ስቀሽ እሺ አልሽ። ሰው ሁሉ አይቷል።»

ይህን አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩላት። ሰሚራ እሳቸውን ትታ እኔን አየችኝ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አቆመችኝ። «ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሻል?»

«ሁልጊዜ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ሁለት ዓመት በራሴ ላይ አሳቅሽኝ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ቢከፋኝ እኔን ነው የሚከፋኝ። አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ተቀመጪ። ሁሉንም ንገሪኝ።»

የሲሊንደሩን ነገርኳት። «ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባሌ ወገቡን ስለሚያመው የማወጣው እኔ ነኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለች። ሴት እኩልነት የምትፈልገው ሸክም እስኪመጣ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው አልኳት። «ማን ነው ያሰበው?» አለችኝ። የ«ወንዳታ»ን ትርጉም ስነግራት ደግሞ «ጎበዝ ለመባል መጀመሪያ ወንድ መሆን ነበረብኝ?» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

ከዚያ አቶ ግርማ ሌላ ሰኞ ስለ ራት ያወሩትን ቀልድ ነገርኳት። አንዲት ፌሚኒስትና ባሏ ራት ማን ይሥራ ብለው ስብሰባ ተቀመጡ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ራቱ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰም። ሰሚራ እንደዚያ ተናድዳ እያለች ሳቋ አመለጣት። «ይሄ እኮ ጥሩ ነው! ይሄ እኔና ባሌ ነን። ይሄንንም ደበቅሽኝ?» አለችኝ። ከወቀሳዋ ሁሉ ይበልጥ ያመመኝ ይኼ ነው።

በቀጣዩ ሰኞ አቶ ግርማ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰሚራ እጇን አነሳች። ድምፅ ሆኜላት ተናገርኩ፦ «ባለፈው ሰኞ የሳቅኩት አስተርጓሚዬ ሳቂ ስላለችኝ ነው። ቀልዱን ደብቃኛለች። እባክዎ ይድገሙልኝ።» በገዛ አፌ ራሴን ከሰስኩ። ሠራተኛው በሙሉ አፈጠጠብኝ። ደንብ ደንብ ነውና ፊቴን እንኳ አላዞርኩም።

አቶ ግርማ ደገሙት። አሁን ሁሉንም ተረጎምኩ። ማንም አልሳቀም።

«አልገባኝም» አለች ሰሚራ። «የሚያስቀው የቱ ጋ ነው?»

«ያው... ሚስት አለቃ ስትሆን ባል ማጀት ይገባል...»

«ባሌ ወጥ ይሠራል። ማጀት ከገባ ቆየ። ከዚያስ?»

«አይ፣ እኔ እንኳ በአጠቃላይ...» ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ሲያስረዱት አያስቅም» አሉ በመጨረሻ።

«እኔም እንደዚያ መሰለኝ። የቃለ ጉባኤው ይሻላል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ግርማም ጆሯቸው እስኪቀላ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ «ስምሽ ዛሬውኑ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ሰሚራ ለቃለ መጠይቁ ሌላ አስተርጓሚ እንዲመጣላት ጠየቀች። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ቦታውን አገኘች።

ከወራት በኋላ መልእክት ላከችልኝ፦ «ሰኞ ስብሰባ አለኝ፤ የምመራው እኔ ነኝ። ነይ። ቀልድ ከመጣ እንዳለ አምጪው።» ጥቁር ሹራቤን ለብሼ ሄድኩ።

አሁን ጀማሪዎች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ ሸሚዝና ስለ ጥፍር እነግራቸዋለሁ። ስለ ቀልድ የምላቸው አጭር ነው። ቀልዱን ተርጉሙ፤ ማሳቅም ማስከፋትም የእናንተ ሥራ አይደለም።