ለመድኃኒት እምቢ ያለ ትኩሳት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እኔ አሜሪካ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ወደ ሆቴሎች የሚያመላልስ ሻትል እነዳ በነበረበት ጊዜ፣ ለመስቀል ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቅርጫ እንገባ ነበር። ከፎርት ዎርዝ ከተማ አልፎ በስተምዕራብ ከብት የሚያረቡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። በሬውን ከእሳቸው ገዝተን፣ እዚያው አርደን፣ ሥጋውን በረዶ በሞላ ኩለር ጭነን እንመለሳለን። ልጃችንን ክርስትና ያነሳልን ይኸው ጓደኛዬ ነው። ዘመድ በሌለበት አገር እሱና ሚስቱ ዘመዶቻችን ነበሩ።

በዚያ ዓመት ሽማግሌው የመኖ ከረጢት ሲገለብጡ ቆሜ አየሁ። ከረጢቱ ላይ የማውቀው ስም ተጽፏል፤ ቴትራሳይክሊን። አገር ቤት ለቁስሉም ለሳሉም ስንውጠው ያደግነው መድኃኒት ነው።

«ከብቶቹ ታመዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ደህና ናቸው! እንዳይታመሙ ነው። ደግሞም ያወፍራቸዋል» ብለው ሳቁ።

ለደህና ከብት መድኃኒት ማብላት ምን የሚሉት ነገር ነው? ለጓደኛዬ ብነግረው፣ «አንተ ደግሞ የማትጠረጥረው ነገር የለም። ና ይልቅ እግሩን ያዝ» አለኝ። ያዝኩለት።

ባለቤቴ ጥሬ ሥጋ በአፏ አይዞርም። እኛ ሥጋ ስንበልት እሷ ከበረቱ ግርጌ ባለው ቦይ ዳር ስትዘዋወር ቆይታ፣ ሽማግሌውን አስፈቅዳ ዳሩ ላይ ከበቀለው ቃሪያ አንድ ፌስታል ለቅማ መጣች። በማግስቱ ፕሌኖ፣ ጓደኛዬ ቤት፣ በዓሉን አብረን ዋልን። ሴቶቹ ቃሪያውን ሰንገው አቀረቡት። ወንዶቹ ቁርጡን በላን፣ ተጫወትን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴን ተቅማጥና ትኩሳት ጣላት። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ኪኒን ተሰጣት። ኪኒኑን ብትውጥም ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም፤ ጭራሽ ደም ያስቀምጣት ጀመር። ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝና፣ «ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው» አለኝ። «ችግሩ ግን የሰጠናት መድኃኒት አይገድለውም። ለምዶታል። ሌላ በመርፌ እንሞክራለን። ምንድን ነው የበላችው?»

እዚያው ኮሪደር ላይ በሐሳቤ የጓደኛዬ ሚስት ወጥ ቤት ገባሁ። ሥጋ የቆረጠችበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ ስትቆርጥ ያየሁ መሰለኝ። ልየው አልየው እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን አየሁ ብዬ እምል ነበር። ለጓደኛዬ ኮል አደረግኩለት።

«ሚስትህ መክተፊያውን አጥባው ነበር?»

«ሶ የኛን ቤት ነው የምትጠረጥረው?» አለ። «ኩለሩን በዚያ ሙቀት መኪናህ ውስጥ ቆልፈህ አዲሰን ያለው ቤትህ ልብስ ልትቀይር የገባኸው አንተ አይደለህም? ሥጋውን ያበላሸኸው አንተ ራስህ ብትሆንስ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሆስፒታሉ አሳውቋቸው ኖሮ፣ ከካውንቲው፣ ከወረዳው እንደማለት ነው፣ ጤና ቢሮ አንዲት ሴት ደወለች። ባለቤቴ የምትሠራው ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ውስጥ ስለነበር ነገሩን አጥብቀው ያዙት። በበዓሉ ማን ማን ነበር ስትለኝ የጓደኛዬን ስልክ ሰጠኋት። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። በማግስቱ የስልክ መልእክት መቅጃ ማሽኔ ላይ የጓደኛዬ ድምፅ ጠበቀኝ፤ «ለመንግሥት ትሰጠን? አንተ ሰው ነህ?» ይላል። ለሴትየዋ፣ እኛ ቤት ማንም አልታመመም ብሏታል። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝም ሰላም ሳይለኝ በሌላ በር ወጣ።

ሴትየዋ ሆስፒታል ድረስ መጣች። ባለቤቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ረጋ ብላ ጠየቀቻት፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«ጥሬ ሥጋ በልተሻል?»

«በሕይወቴ በልቼ አላውቅም።»

«ሌላ ያልበሰለ ነገርስ?»

ባለቤቴ አሰብ አደረገችና፣ «ቃሪያ» አለች።

እኔ ያን ሁሉ ቀን ሥጋና መክተፊያ ሳብሰለስል፣ ቃሪያ የሚባል ነገር ውልም አላለልኝ። ሴትየዋ ከእኛ ፍሪጅ የተረፈውን ቃሪያና ሥጋ ወሰደች፤ ሽማግሌው ግቢ ሄዳም የቦዩን ውሃ ቀዳች። ውጤቱ ሲመጣ ሥጋው ንጹሕ ነው ተባለ። ባክቴሪያው የተገኘው ቃሪያው ላይና ቦዩ ውስጥ ነው። ቦዩ የበረቱ እጣቢ የሚወርድበት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ ቃሪያውን ያጠጣል። መድኃኒት በየቀኑ ከሚበላ ከብት ሆድ የወጣ ባክቴሪያ መድኃኒት ባይፈራ ምን ይገርማል?

ባለቤቴን አዲሱ መርፌ አዳናት። ወጥ ቤት የተመለሰችው ግን ሰገራዋ ደጋግሞ ተመርምሮ ነጻ ከሆነች በኋላ ነው።

ጓደኛዬና ሚስቱ አንድ እሑድ ሳይደውሉ መጡ። እሷ በቁሟ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔም ታምሜ ነበር» አለች። «ስሰነግ ስቀምስ ነው የዋልኩት። የኔስ በራሱ ጊዜ ተወኝ። ግን እናንተ ወጥ ቤቴን ስትጠረጥሩ ታምሜያለሁ ብል፣ ራሴን መክሰስ መሰለኝ።»

ባለቤቴ እጇን ይዛ መኝታ ቤት አስገባቻት። ብዙ ሳይቆይ ሲሳሳቁ ተሰማን። እኔና ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለን የማይገባንን የአሜሪካኖቹን ኳስ እናያለን። ይቅርታ ተባብለናል። ምሳ ሲቀርብ ግን እሱ እኔ እስክጎርስ ጠበቀ፤ እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነበር። ሁለታችንም መጠባበቃችንን አይተን፣ አንድ ላይ ቆረስን። ሴቶቹ እንደ ጥንቱ ሆኑ። እኛ ወንዶቹ ግን ኑሮ እስኪለያየን ድረስ በጨዋነት ብቻ ኖርን።