ሐይቁ ዳር የተኛሁበት ቅዳሜ

ባለቤቴ በካንሰር ታማ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ ቀኑና ሌሊቱ ተቀላቀለብኝ። መድኃኒት እሰጣለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ ሾርባ አሞቃለሁ፤ ቆሜ እያለሁ ሕልም አያለሁ። አንድ ቀን እያጎረስኳት እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ሾርባው አንገቷ ላይ ፈሰሰ።

"ምንም አይደል፣ ቀዝቅዟል" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት ሊጠይቋት መጡ። እሳቸውም ባለቤታቸውን አስታመው የቀበሩ ናቸው። ፊቴን አይተው፣ "ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ከሷ ጋር እውላለሁ፤ አንተ ውጣ" አሉኝ።

"ወዴት ልውጣ?"

"እሱን እኔ አላውቅም ልጄ። ብቻ ውጣ።"

ቅዳሜ ዝም ብዬ ስነዳ ዋይት ሮክ ሐይቅ ደረስኩ። ውሃው ዳር ፓርክ አድርጌ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅኩት። ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ሐይቁ ላይ ተንሳፍፈዋል። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ደረቴን አሞቀችው። ከዚያ ውሃው ቀስ ብሎ መኪናው ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ አልፈራሁም። ባለቤቴ በደህናው ጊዜ የምትለብሰውን ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ሬዲዮ ትቀያይራለች። ወዴት እንደምንሄድ ሁለታችንም አናውቅም፤ መኪናው ግን በውሃው ላይ ይሄዳል።

ስነቃ ሐይቁ ብርቱካንማ ሆኗል። ትቻት የጠፋሁ ያህል ደንግጬ ወደ ቤት በረርኩ።

በሩን ስከፍት ስታለቅስ ሰማኋት። ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ። ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጇን ይዘዋል።

"ምን ሆነች?" አልኩ።

"ምንም አልሆነችም። እያለቀሰች ነው" አሉኝ ረጋ ብለው።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ምነው ቶሎ መጣህ?"

ልቤ ተሰበረ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ ፊት ማልቀስ አልችልም። ገና እንባዬ ሲመጣ ፊትህ ይለዋወጣል። ያኔ አንተን ማጽናናት እጀምራለሁ። እሱ አደከመኝ።"

ለካ እሷም እኔን ስታስታምም ነው የከረመችው።

"ታዲያ... ተመልሼ ልውጣ?" አልኳት።

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ሴትዮዋ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ "ቅዳሜ እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ። ባለቤቴ እስክታርፍ ድረስ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም።

የዚያን ዕለት ምሽት ጫማዬን አውልቄ ጠባቡ አልጋ ጠርዝ ላይ አጠገቧ ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይታ እንደገና አለቀሰች። አላባበልኳትም። መንገድ ላይ የሚያልፉት መኪኖች ብርሃን ጣሪያው ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።