ጎሚስታው ሰይፈሚካኤልና የጎኑ ቱቦ

ሰይፈሚካኤል «አመመኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሰዎች ይህን ጨዋነት ይሉታል፤ እኔ ግን ከበሽታዎቹ አንዱ ነው እላለሁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል እሱ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 መጀመሪያ፣ ግራ ሳንባው ለሦስተኛ ጊዜ በተኮማተረ ዕለት እንኳ፣ ናካዋ ገበያ ጀርባ ባለችው የጎማ መጠገኛው የጀመረውን የአይሱዙ ጎማ ለጥፎ፣ ነፍቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ነው በቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሐኪም ቤት የሄደው።

እኔ እታፈራሁ እባላለሁ። ካምፓላ ውስጥ ለስደተኞች አስተርጓሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከሰይፉና ከሚስቱ ከጸሐይነሽ ጋር የምንለያየው በአንድ ግድግዳ ነው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም እሰማለሁ። ሰይፉ የገበያ ሉጋንዳ አሳምሮ ይናገራል፤ ከጎማ ወዲያ ያለው እንግሊዝኛ ግን አይገባውም። ጸሐይነሽ ደግሞ ከሰላምታ አታልፍም። ስለዚህ በሐኪሙና በእነሱ መካከል የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ዶክተር ቢያሩሃንጋ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አስረዳን። የሰይፉ ሳንባ ጫፍ ላይ ስስ የአየር ከረጢቶች አሉ። አንዱ በፈነዳ ቁጥር አየሩ አምልጦ በሳንባውና በጎድን አጥንቱ መካከል ይገባና ሳንባውን ይጨፈልቀዋል። አራተኛው ጊዜ ከሐኪም ርቆ ከደረሰበት ላይተርፍ ይችላል። ደረቱን ከፍቶ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የጎድን አጥንቱ ተፈልቅቆ ስለሚከፈት የጭነት መኪና ጎማ ማንሳት ምናልባት እስከ ወዲያኛው ይቀርበታል። ሌላው መንገድ በሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ነው። መሣሪያውን የሚያመጡት የህንድ ሐኪሞች ግንቦት ውስጥ ሁለት ሳምንት ብቻ ይቆያሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሲጋራ ካጨሰ፣ ወይም በዚያ ሰሞን አክታ ያለው ሳል ከያዘው፣ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ» አለ ዶክተሩ።

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሰይፉ በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው ነበር። ጸሐይነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በር ላይ ጠብቃ ጣቶቹን ታሸታለች። እሱም እንደ ተማሪ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ጠዋት ጠዋት ወደ ናጉሩ የሚያወጣውን ዳገት ይወጣል፤ ሐኪሙ እንዳዘዘው አየሩን በአፍንጫው በረጅሙ ይስባል፣ ይይዛል፣ በከንፈሩ ቀስ አድርጎ ያወጣል። በአምስተኛው ሳምንት ጸሐይነሽ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ አንድ ሲጋራ አገኘች። ያን ቀን ግድግዳው ሊፈርስ ነበር። «አልለኮስኩትም፤ ራሴን ልፈትን ነው የያዝኩት» ይላል እሱ። «የምትፈትነው እኔን ነው» ትላለች እሷ። በማግስቱ አይተያዩም ነበር፤ ዳገቱን ግን ወጣ፣ ማታም እጁን ዘረጋ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ዓርብ ሆነ። በዚያ ዓመት ካምፓላ መብራቱ አንድ ቀን ከመጣ አንድ ቀን ይጠፋ ነበር። ጸሐይነሽ ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስል አድራ ኖሮ ጠዋት ዶክተሩን አስጠየቀችኝ። «ካሜራው ደረቱ ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለን። እሱም እምቢ ካለ ደረቱን ከፍተን እንጨርሳለን» አለ።

እኔ «ጄኔሬተር አለን ይላል» ብዬ ዝም አልኩ። ግማሹን ዋጥኩት። ይህን አንዳንዴ አደርገዋለሁ፤ ሰው እንዳይሸበር ብዬ ነው። ደግሞ ማንም ደርሶብኝ አያውቅም።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። በመሃል መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋና ከሕንፃው ጀርባ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ተሰማ። ጸሐይነሽ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ፤ ጣቶቿ ያረፉበት ቦታ ለሳምንት ጠቁሮ ነበር። የዋጥኩትን ግማሽ እያሰብኩ ስጸልይ ቆየሁ።

ደግነቱ ሥራው እንደታሰበው አለቀ። ሰይፉ በሦስት ትናንሽ ቁስሎች ወጣ። ከአንደኛው ቁስል የውሃ ማጠጫ ጎማ የሚያህል ለስላሳ ቱቦ ወጥቶ ወለል ላይ ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አለ፤ የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ ተነክሯል። ሰይፉ ሲያስል አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ሲተነፍስ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። ጸሐይነሽ ሾርባ ልታመጣ ቤት ሄዳ ነበርና ዶክተሩ እኔን ነው ያናገረኝ።

«ሳንባው እስኪደፈን የሚያመልጠው አየር የሚወጣው በዚህ ብቻ ነው። ቱቦው አይታጠፍ፣ ጠርሙሱ አይሸፈን፣ ከአልጋው በላይም አይነሳ። ለሚያስታምሙት ሁሉ ንገሪልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ከቢሮ ነው፤ አዲስ የመጣች ስደተኛ ወላድ ቋንቋ አጥታ ታለቅሳለች ተባልኩ። ቦዳ ይዤ በረርኩ። ከዚያ ቅዳሜ ሆነ፣ እሑድም ሆነ። ሳልነግራት ቀረሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰይፉ በእነዚያ ሁለት ቀናት ዓይኑን ከጠርሙሱ አላነሳም። ጎሚስታ አይደል፤ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ነፍቶ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ቅዳሜ «የእኔ ቀዳዳ ጠባብ ናት፤ አረፋዋ የመርፌ ናት» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሕመሙን ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ያለው ፊቱን አጨማዶ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ጠያቂ መጣ። ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ ብርቱካንና ጭማቂ ተሸክሞ ገባ፤ አሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ። ጸሐይነሽ ይህን ቀድማ አውቃ አልጋውን አሰናድታለች። ደም የነካው ውሃ ሰው ፊት እንዲቀመጥ አልፈለገችም፤ የሰው ዓይንም ትፈራለች። እሱ እንዳሸለበ ጠርሙሱን ወደ አልጋው ሥር ገፋ አድርጋ፣ የተረፈውን ቱቦ እንደ አንሶላ ለሁለት አጥፋ ፍራሹ ሥር ወሽቃ፣ ላዩን በጋቢ አልብሳዋለች። እኔ ስደርስ ሰዉ ሞልቶ ነበር። አልጋው እንዴት አማረ ብዬ በልቤ አመሰገንኳት፤ ቱቦው የት ሄደ ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ነርሷ ዙር ላይ ነበረች። በሉጋንዳ ነርስም ሐኪምም «ሙሳዎ» ነው የሚባለው፤ የነርስ ቃልም እንደ ሐኪም ቃል ይታመናል። ጎንበስ ብላ የጋቢውን ጫፍ ገለጠች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ፈገግ አለች። «አረፋ የለም። ቀዳዳው ሳይደፈን አይቀርም» አለችና ጽፋ ሄደች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩት። አንዷ እልል አለች። የስደተኞች ማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ መሸሻ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው አመሰገኑ።

ሰይፉ ግን ተመስገን አላለም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል።

«ሰይፉ፣ ደህና ነህ?» አልኩት።

«ደህና… ነኝ።»

«ደክሞት ነው፤ እንውጣለትና ይተኛ» አሉ ጋሽ መሸሻ። ማንም አልወጣም። ስለ ዝናቡና ስለ ቅዳሴው ወሬው ቀጠለ። ከንፈሩ አመድ ሲመስል አየሁ። ያን ጊዜ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘና ወደ አፉ አወረደኝ።

«ውሃው… ይንቀሳቀሳል?»

ተንበርክኬ ጋቢውን ገለጥኩ። ውሃው ቀጥ ብሏል፤ ከፍም ዝቅም አይልም።

«ቆሟል» አልኩት።

«አረፋም የለ… ውሃም አይሄድ… አልተደፈነም። አየሩ ነው… የማይደርሰው። ቱቦውን ፈልጊ።»

ጎሚስታ ይህን ያውቃል። የመንፊያው ጎማ ታጥፎ አየር ያልገባበት ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ቢነከር፣ አሥር ቀዳዳ ቢኖረውም አረፋ አያወጣም። ነርሷ ያላየችውን እሱ ነፍሱ ልትወጣ ስትል አየው። ከጎኑ ጀምሬ ቱቦውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ፍራሹ ሥር ገባ። ጎትቼ ሳወጣው ለሁለት የታጠፈው ቦታ ተጣብቆ ነበር፤ በአውራ ጣቴ አሽቼ አቃናሁት። ጠርሙሱ ባንዴ ገነፈለ። አረፋው እየተንደቀደቀ ወጣ፣ ወጣ፣ አላቆምም አለ። ሰይፉ አፉን ከፍቶ አየር ሳበ፤ እንደገና ሳበ። ዞር ስል ጸሐይነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ዶክተሩ ሙንዮንዮ ከሚገኘው ቤቱ ተጠርቶ የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። አዳመጠው፣ ራጅ አስነሳው፣ ከዚያ በቁጣ ወደ እኛ ዞረ። «ይህን ቱቦ ማን አጠፈው? ሌላ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ይሞት ነበር። ያጠፈው ሰው ከዚህ ክፍል ይውጣ፣ አይመለስም።»

ተረጎምኩት። ጸሐይነሽ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሰይፉ ቀደማት። «እኔ ነኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ተኛሁበት።»

ቱቦውን ከፍራሹ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንዴት ተስተካክሎ እንደታጠፈ በጣቴ አውቀዋለሁ። ቢሆንም «ተኝቶበት ነው ይላል» ብዬ ለዶክተሩ ተረጎምኩ።

«እንግዲያው ቱቦው እስኪወጣ አይተኛም። ተቀምጦ ይደር» አለ ዶክተሩ።

ለውሸቱ የከፈለው ይህን ነው። አራት ሌሊት በግራና በቀኝ ትራስ ተደግፎ፣ ቁስሉ እየወጋው፣ ቁጭ ብሎ አደረ። ጸሐይነሽ ከአልጋው ሥር ወለል ላይ ተቀምጣ ቱቦውን በሁለት ጣቷ ይዛ ታነጋ ነበር። ሰው ሲያናግራት ቀና አትልም። ቤት ሄደሽ ትንሽ አረፍ በይ ብላት «እኔ ነኝ ልገድለው የነበርኩት» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ አላወቅሽም» አልኳት። ለምን እንዳላወቀች ግን አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት፤ እሱም እንዳልኩት ፈጀኝ።

ረቡዕ ሰይፉ ሲያስል አረፋው ቆመ፤ ውሃው ግን ከትንፋሹ ጋር ይወዛወዝ ነበር። «አሁን ተደፍኗል» አለ ሰይፉ፣ ሐኪሞቹ ሳይሉት። ሐሙስ ቱቦውን አወጡለት። የዓርቡ ራጅ ላይ ሳንባው እስከ ጎድኑ ጥግ ሞልቶ ታየ። ዶክተሩ ፎቶውን በጣቱ እየመታ ሳቀ፤ ደረቱ ሳይከፈት ዳነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጎማውን ቀስ በቀስ ያነሳል አለ። ሰይፉ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን በአፍንጫው በረጅሙ ሳበ።

ከዚያ ዶክተሩ የቤት ትእዛዝ ጀመረ። ሲጋራ የለም። ዕቃ ማንሳት ለጊዜው የለም። በየቀኑ መራመድ፣ እያመመውም ማሳል። «ለሁለት ሳምንትም ከፍ ብሎ ተደግፎ ይደር። እንቅልፍ ላይ አይታመንም» አለ።

ይህን ስተረጉም ጸሐይነሽ ብድግ አለች። «አልተኛበትም። ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ንገሪው።»

«ጸሐይነሽ፣ ተይ» አለ ሰይፉ።

«አልተውም። አራት ሌሊት በእኔ ጥፋት ቁጭ ብለህ አድረሃል። ንገሪው እትዬ።»

ነገርኩት። ዶክተሩ አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ እሷን እያየ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ጠርሙሱም እንዳይሸፈን ባለፈው ዓርብ ለአስተርጓሚዋ ነግሬ ነበር። አልነገረችሽም?»

ባልና ሚስቱ ጥያቄው አልገባቸውም። ሁለቱም አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። «ይቅር ብዬሻለሁ ይላል» ብል ማን ያውቃል? በሩን አየሁት፤ ልወጣም ቃጥቶኝ ነበር። በመጨረሻ ቃል በቃል ተረጎምኩት። «ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ጠርሙሱም እንዳይሸፈን ባለፈው ዓርብ ለእታፈራሁ ነግሬያት ነበር፣ አልነገረችሽም ወይ ይላል።»

ጸሐይነሽ አየችኝ። አምስት ቀን ራሷን ስትረግም አይዞሽ ያልኳት ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ነግራኛለች በይው። ረስቼው ነው በይው» አለችኝ።

እሷ ያለችኝ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር። «አልነገርኳትም» አልኩት ዶክተሩን።

«እሷ ያለችው ይህን ነው?»

«አይደለም። ይህ የእኔ ነው።»

ከዚያ ዞሬ ለዶክተሩ ያልኩትን ለሁለቱ በአማርኛ ተረጎምኩላቸው። እንባዬ ስለያዘኝ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ።