ያሲር ብቅ ሲል ዓይናችሁን ከሱ ላይ አንሱ ያላችሁ ማነው?

ውሸት ነው አልኩ። ዛሬ ጠዋት ከፖርት ሱዳን ተደውሎ "ያሲር ሰጠመ" ሲሉኝ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። ያሲር ውሃ ውስጥ ይሞታል? ዓሣ ሰጠመ እንደማለት ነው።

ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። እውነት ነው።

ለማታውቁት፣ ያሲር የእትዬ ዘይነብ ልጅ ነው። እናቱ ወሎዬ፣ አባቱ የኦምዱርማን ሰው። ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን አብረን ነው ያደግነው፤ እናቶቻችን አርካዊት ሰፈር የሰው ቤት እየሠሩ አሳደጉን። ያሲር አድጎ ቀይ ባሕር ወረደ። ያለ አየር ጠርሙስ፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ መጥለቅ ነበር ሥራው። ለሌላውም ያስተምር ነበር።

አሁን የመጣሁት ከለቅሶ ቤት ነው፤ ደሜ ፈልቷል። እትዬ ዘይነብ ምንጣፉ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ምን ትላለች? "መቼስ ከልጅነቱም ሰከን አይልም ነበር። ኸላስ፣ በቃ፣ የራሱ ቅብጥብጥነት ነው የበላው።" ራሱን እየነቀነቀ የሚያጅባትም አልጠፋ። እናቱ ፊት!

ቆዩ እንግዲህ፣ ልንገራችሁ።

አዎ፣ ሰከን አይልም ነበር። አስተማሪው "ዓይንህን ሰሌዳው ላይ!" እያለ ሲገርፈው ነው የኖረው። የኔን ወሬ ሳልጨርስ የራሱን ይጀምራል፣ የራሱንም ሳይጨርስ ተነስቶ ይሄዳል። ሰፈሩ መጅኑን፣ ጂን የያዘው እብድ፣ ይለው ነበር። እናቱ ያልወሰደችው ሼህ፣ ያላሰረችለት ክታብ የለም። ካደገ በኋላ ነው አንድ ሐኪም ይህ ልብ መበተንና መቅበጥበጥ ኤዲኤችዲ እንደሚባል የነገረው። እየሳቀ መጣ። "ያ ሰሚራ፣ ለካ ጂን አይደለም! ስም አለው፣ ወላሂ ስም አለው!"

ውሃውን ያገኘው ግን ከሐኪሙ በፊት ነው። እናቱ የምትሠራበት ቤት መዋኛ ነበረው። ባለቤቶቹ ለእረፍት ሲሄዱ ግቢውን እሷ ትጠብቃለች፣ እኛም እንከተላታለን። አንድ ቀን ጠልቆ ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ አለ። ምግብ እንኳ ቁጭ ብሎ የማይበላው ልጅ! ሞተ ብዬ ጮህኩ። ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሏል፣ ፊቱ ግን እንደዚያ አርፎ አይቼው አላውቅም።

"ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሌ ብዙ ሬዲዮ ባንዴ ይጮሃል" አለኝ። "ታች ስወርድ ሁሉም ይዘጋል።"

ቀላል ሆኖለት እንዳይመስላችሁ። ትንፋሹን ማርጋት ሲለማመድ ማየት ነበረባችሁ። አልጋ ላይ ተጋድሞ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይጀምራል፣ ወዲያው ብድግ ብሎ የጣሪያውን ማራገቢያ ሊፈታታ ወንበር ላይ ይወጣል። እንደ ዓሣ ክንፍ ያለውን ረጅም የመዋኛ ጫማ ከኦምዱርማን ገዝተን ስንመለስ ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ ረስቶት ወረደ። እኔ በሳቅ ልሞት፣ እሱ ድልድዩ ላይ አውቶቡሱን ያባርራል። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ደረሰበት። ረዳቱ ጫማውን በመስኮት እያወዛወዘ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄን አድርገህ ብትሮጥ ኖሮ ቀድመኸን ነበር!" አለው።

ሁሉን ይረሳል። ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ የተቀጣጠርንበትን ሰዓት። አንድ ደንብ ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። ማንም ብቻውን አይጠልቅም፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰው ይኖራል። ያ ሰው ጠላቂው ብቅ ካለ በኋላም ዓይኑን ከሱ ላይ አያነሳም። ምክንያቱም ሰው ወጥቶ፣ ተንፍሶ፣ "ደህና ነኝ" ብሎ እጁን ካሳየም በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል። አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። ዝም ብሎ ወደ ታች ይመለሳል።

ለዚህ ነው ያኔ መዋኛው ዳር ለኔ፣ ኋላም ለተማሪዎቹ፣ ሊገባ ሲል ሁሌ አንድ ቃል የሚናገረው። "ብቅ ብልም፣ ዓይንሽ እኔ ላይ።"

ትናንት የሆነውን የነገረኝ አብረውት ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ነው፣ እያለቀሰ። ጠዋት ጀልባው ላይ ደንቡን ነግሯቸዋል፣ አስደግሟቸዋልም። ጠለቀ። ብቅ አለ። እጁን አሳያቸው። "ወላሂ ጨርሷል ብለን ነው" አለኝ። ጨርሷል ብለው ዞሩ። ምን ለማየት? ካሜራው ላይ ያነሱትን ፎቶ። የሱን ፎቶ! ሰውየው አጠገባቸው እየሰጠመ፣ እነሱ ፎቶው እንዴት እንደወጣ ያያሉ! ቀና ሲሉ ያሲር የለም። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያወጡት።

እና ማነው ልቡ የተበተነው? እስቲ ንገሩኝ፣ ማነው?

ልጁ ዕድሜውን ሙሉ "ልብ በል" እየተባለ ተገረፈ። ልብ ማለትን ባሕር ድረስ ወርዶ ተማረ። የገደለው የሌላ ሰው ልብ አለማለት ነው። "የአላህ ውሳኔ ነው" የምትሉኝ፣ አዎ፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ አልከራከርም። ግን ከጀርባው አትደበቁ። እትዬ ዘይነብ ፊት የሱን ቅብጥብጥነት ያነሳችሁም እፈሩ። ያንን ፎቶ "ለመታሰቢያ ይሁንሽ" ብላችሁ የላካችሁልኝም፣ አልፈልገውም። አልከፍተውም።

ያሲሬ፣ ወንድሜ።

አስከሬንህ ነገ ጠዋት ጀብራ ይደርሳል ብለውናል። መቃብር ድረስ ሴት አትሄድም፣ እኔ የምሸኝህ እስከ በሩ ነው። በሩ ላይ እቆማለሁ። ቃሬዛህን ተሸክመው ሲወጡ ሴቶቹ ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፣ "በቃ፣ ግቢ" ይሉኛል። አልገባም። ከመንገዱ ጫፍ ታጥፈው እስኪሰወሩ ድረስ፣ ከተሰወሩም በኋላ፣ ዓይኔ አንተ ላይ ነው።