አንድ ጥሪ የሚያህል ርቀት

ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ከአምስተርዳም ተነሥቼ ዴን ሃግንና ሮተርዳምን አዳርሼ ተመለስኩ። መንገዱ የአንድ ቀን ነው፤ ያስነሣኝ ጉዳይ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ነው። በክንዴ ሥር፣ በካርቶን ቱቦ ውስጥ፣ የትውልድ አገሬን ካርታ ይዣለሁ። የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ያገዘኝ ሰው የለም።

ለማያውቀኝ አንባቢ ልናገር። ከቄስ ትምህርት ቤት በቀር የትም አልተማርኩም። በጎልማሳነቴ አገራችንን ሊለኩ ለመጡ ፈረንጆች የመለኪያ ሰንሰለት ጎታች ሆኜ ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ዓመት መሣሪያውን ያለ አስተማሪ ማንበብ ቻልኩ፤ በሦስተኛው ዓመት መሐንዲሱ ራሱ ሲጠራጠር፣ «በላቸው፣ እስቲ አንተ እየው» ይለኝ ነበር። ፈረንጆቹ የእኛን ወረዳ ሳይለኩት ሥራው ቆመ። ያንን ቦታ ነው ከስደት ወዲህ በጭንቅላቴ እየዞርኩ የሣልኩት፤ የእኔን ወይን አምባን፣ ማዶ ያለውን ዝግባ አፋፍን፣ በመካከላቸው ያለውን የዘንጋዳ ውሃን ገደል።

ካርታው ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ የዚህ አገር ሰዎች በድሮ ዘመን አውራጃቸውን እንዴት ለክተው እንዳሳተሙ በዓይኔ ማየት። ሁለተኛው ይከብዳል። ወይን አምባን ከነድንጋዩ አውቃለሁ፤ ማዶውን ግን የተሻገርኩት ጥቂት ጊዜ ነው። በሮተርዳም በኩል የዝግባ አፋፍ ተወላጅ የሆኑ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ሴት እንዳሉ ሰምቼ፣ እንደምመጣ ደውዬላቸዋለሁ። እሳቸው «ልክ ነው» ካላሉ ግማሹ ካርታ ግምት ነው። በዕድሜዬ ሌላ ካርታ አልሠራም፤ የምተወው ይህን ብቻ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የአምስተርዳም ስሎተርቫርት ሰፈር

ልጄ ሰናይት ወደ ሥራዋ ልትሄድ ኮቷን እየለበሰች በር ላይ አገኘችኝ። በአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው።

«አባባ፣ ጾም ነው ብለው ባዶ ሆድዎን እንዳይውሉ» ብላ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በፒንዳካስ፣ ማለት በለውዝ ቅቤ፣ ቀብታ በላስቲክ ጠቀለለችልኝ።

«ካርታ የያዘ ሰው አይርበውም» አልኳት።

«የእኔ አረጋውያንም እንዲሁ ይላሉ፤ ከዚያ ይወድቃሉ።»

በትራም ወደ ማዕከላዊ ጣቢያ ወረድኩ። የትራም ቲኬቴን እንደ አገሬው ሰው አጥፌ ማሽኑ ውስጥ አስመታሁት፤ ከእኔ በፊት የመጡ ስንቶች እስከ ዛሬ ይሳሳቱበታል።

ከባቡሩ መስኮት

ከሃርለም ወደ ላይደን የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው። ላም፣ ቦይ፣ ላም፣ ቦይ። ይህን ሜዳ ሳይ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚደገፍበት ያጣል። በእኛ አገር ጠዋት በር ስትከፍት ማዶው ተራራ ፊት ለፊትህ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ እዚህ ግን ሰማዩ መሬቱ ላይ ወድቋል። ዳቦዬን ከላይደን በፊት ጨረስኩት። ለሰናይት አልነገርኳትም።

ረፋዱ አራት ሰዓት፣ ዴን ሃግ

ቤተ መዛግብቱ ከጣቢያው ብዙ አይርቅም። ኮቴንና ብዕሬን ተቀበሉኝ፤ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የመዛግብት ሠራተኛ ሴትዮ በትልቅ ማኅደር የድሮ የሆላንድ ካርታ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። እንግሊዝኛዬ ራሴ ያስተማርኩት ስለሆነ ጥርት ያለ ነው፤ ያለ ችግር ተግባባን።

ቆሜ ነው ያየሁት። እያንዳንዱ ቦይ፣ እያንዳንዱ የነፋስ ወፍጮ አለ። ካርታው የታተመበትን የመዳብ ሰሌዳ የቀረጸው ሰው ሁሉን ነገር ገልብጦ፣ በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ ጽፎታል። ሴትዮዋ እንዳስረዱኝ ቀያሾቹ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ወጥተው ሌላውን ማማ ያነጣጥራሉ፤ ከዚያኛው ደግሞ ሦስተኛውን። አሳታሚው በበኩሉ ሰሌዳው ሳይቀረጽ የሚገዙትን ሰዎች ስም ይሰበስብ ነበር አሉኝ። እኔም ከአምስተርዳምና ከአምስተልቨን የአገሬን ሰዎች ስም ሰብስቤያለሁ። ማንም ሳይነግረኝ።

ከዚያ ዓይኔ ካርታው ግርጌ ላይ ወደቀ። አንዲት የርቀት መለኪያ መስመር አለች። ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው።

«የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይላል» አሉኝ።

ሳላስበው ጮክ ብዬ ሣቅሁ። አንባቢዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«ጌታዬ፣ ምን አገኙ?» አሉ ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

«ራሴን!» አልኳቸው። የእኔም ካርታ የተለካው በእግር መንገድ ሰዓት ነው። አንዱን ሰዓት አንድ አውራ ጣት አድርጌ፣ ከወይን አምባ ዝግባ አፋፍ ስምንት ሰዓት ስለሆነ ስምንት አውራ ጣት አራርቄያቸዋለሁ። ካርታዬን ዘርግቼ አሳየኋቸው። በእጃቸው ሳይነኩ ጎንበስ ብለው በአክብሮት አዩልኝ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «የእኛ አገር ግን ሜዳ ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ እኩል ነው። በእናንተስ?»

ጥያቄውን አልፌው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበርና።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ወደ ሮተርዳም

ባቡሩ በዴልፍት ሲያልፍ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ አየሁ። ቀያሹ እዚያ ላይ በነፋስ ውስጥ ቆሞ ይታየኝ ጀመር። ወንድሜ፣ አልኩት በልቤ፣ አንተ የምትወጣው ደረጃ ነበረህ፤ እኔ ወጥቼ ማዶውን የማይበት አፋፍ ግን ቀርቶብኛል።

ሮተርዳም ላይ ሜትሮ ያዝኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ካፔለ አን ደን አይሰል ገባሁ። ወይዘሮ አመለወርቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችልኝ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት የልጅ ልጃቸው ናት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ቱቦውን አየች።

«አያቴ! ካርታው መጣ! አንተ፣ ግባ።»

«እርስዎ በይ አላልኩሽም?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ወይዘሮ አመለወርቅ ቀጭን፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ሽሮ አቅርበው፣ ካልበላሁ ወረቀት እንደማያዩ ነገሩኝ። በላሁ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት።

ፊደል አይቆጥሩም፤ ስለዚህ እጃቸውን ይዤ፣ «ይህ ወይን አምባ ነው፤ ይህ ወንዙ፤ ይህ ዝግባ አፋፍ» አልኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው ወሰዱ።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ገደሉ ነው።»

«አቶ በላቸው፣ ገደል ነው ወይስ ባሕር?» ጎናቸውን ይዘው ሣቁ። «በዚህ ላይ ማን ማንን ይጣራል?»

ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አውራ ጣቱ፣ ስለ ሆላንድ ካርታ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወርደው ሲወጡማ ስምንት ሰዓት ነው። ድምፅ ግን መች ይወርዳል? ነፋሱ ሲቆም እኛ ከዚህ ‹ሰው ሞተ› ስንል እናንተ ከዚያ ‹ማን?› አላችሁ። ከአውድማችን ላይ የእናንተን በቅሎ ቀለሟን እለይ ነበር። እርስዎ በእግርዎ ለክተው ነው ያራራቁን።»

መሐንዲሱን ያረምኩ ሰው እኔው ታረምኩ። ልክ ናቸው። ቀያሾቹ ማማ ላይ የወጡት ለዚህ ነበር፤ ዓይን ቀጥታ ይሄዳል፤ እግር ግን ይዞራል። የእግሩ ሰዓት የሚያገለግለው መሬቱ ሜዳ ሲሆን ነው። ሴትዮዋ ዴን ሃግ ላይ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

ወይዘሮ አመለወርቅ ግን አልጨረሱም። «የእታለማሁ ወንድም አይደሉ?» አሉኝ።

እታለማሁ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ዝግባ አፋፍ ተድራ እዚያው አርፋለች። ነኝ አልኩ።

«ከፈረንጆቹ ጋር የሄዱ ዕለት አጠገቧ ነበርኩ። በቅሎ ተጭኖ አየችና አፋፉ ላይ ወጥታ ተጣራች። ሦስት ጊዜ። አልመለሱላትም። ‹ሩቅ ነው፣ አልሰማኝም› አለችን። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው ትል ነበር።»

ሰምቼአት ነበር። አንባቢዬ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አዲስ ካኪ ለብሼ ነበር፤ መሐንዲሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እንደ ባላገር እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ገደል ለገደል መጮህ አፈርኩ። ስመለስ እጠይቃታለሁ ብዬ ሄድኩ። ሳልመለስ ቀረሁ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ፊቴን አዩት። ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ወጡና መዳፋቸውን አፋቸው አጠገብ አድርገው ያን የአፋፍ ጥሪ ለቀቁት። ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ። ከማዶው ሕንፃ መስኮት ተከፈተ፤ አንዲት ሆላንዳዊት አንገቷን አውጥታ እጇን አወዛወዘች።

«አዩ?» አሉኝ። «ይሰማል።»

ማምሻውን፣ ወደ አምስተርዳም

ባቡር ውስጥ ካርታዬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። የገደሉን ሥፍራ አጥፌ ወደ ውስጥ ከተትኩት፤ ወይን አምባና ዝግባ አፋፍ ሁለት ጣት ብቻ እስኪቀራቸው ድረስ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እታለማሁ እንዲህ አጠገቤ ነበረች። ካርታው ላይ ያራቅኋት በእግሬ ብቻ ሳይሆን በእፍረቴም እንደ ነበር ባቡሩ ላይደን ሳይደርስ ገባኝ።

ቤት ስገባ ሰናይት እራት ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር።

«ሴትየዋ ልክ ነው አሉ?»

«ልክ አይደለም አሉ። ሰኞ አይታተምም።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ከእርስዎ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ወረቀት ወጠርኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚወደውን ቦታ ርቀት የደከመበትን መንገድ ቆጥሮ መናገር እንደሌለበት ነው። አዲሱ ካርታ ካለፈው ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ካርታ ቤተ መዛግብቱም ውስጥ የለም። ከግርጌው እንደ ሆላንዶቹ የመለኪያ መስመር አሰመርኩ፤ ሁለት ጣት የምታህል። ሥሯ የጻፍኩት ግን የሰዓት መንገድ አይደለም። «ነፋስ ሲቆም፣ አንድ ጥሪ» ይላል።

ቀለሙ ሲደርቅ መስኮቱን ከፈትኩ። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ በስሎተርቫርት ፎቆች መካከል፣ «አቤት!» አልኩ።