የመምህሩ ኩታ

የጋፋቱ ፈረንጅ መምህር ጠዋት ጠዋት ከእቴነሽ ደጅ ሳይቆም አያልፍም። የገብስ ቆሎዋን በመዳፉ ተቀብሎ እየቆረጠመ፣ እንደ አገሬው ሰው ልጆቿን፣ ላሟን፣ ጥጃዋን ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። በቅሎ ተሰጥቶት ሳለ በእግሩ የሚሄደው የመንገደኛው ሰላምታ እንዳያመልጠው ነው። ብረት ማቅለጥ የሚያስተምርበት እጁ በከሰል ጠቁሯል፤ ኩታው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አለባበሱን ያሳየችው እቴነሽ ናት። በመጣበት ዓመት ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ሠርግ ቤት ቢገባ ሰዉ ሁሉ ደነገጠ፤ እሷም «ይኼ የሐዘንተኛ ነው» ብላ አስተካከለችለት። ከዚያ ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

ዛሬ ጥለቱ አንገቱ ላይ ነበር።

«መምህር፣ ኩታዎ ተገልብጦብዎታል» አለች እየሳቀች፣ ልታስተካክልለት እጇን ዘርግታ።

«አውቃለሁ፣ እመት እቴነሽ። ትናንት ደብዳቤ ደረሰኝ። እናቴ ካረፈች ስድስት ወሯ ነው።»

እቴነሽ ክው አለች። «ታዲያ ቤትዎ አይቀመጡም?»

«እሳቱ ተያይዟል፤ ተማሪዎቼም ይጠብቁኛል» አለና ቆሎውን እንደ ወትሮው ተቀብሎ ሄደ።

እቴነሽ ኩታዋን አውልቃ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጠችና ወደ ጎረቤቷ ተጣራች።

«አመተማርያም! ሰው ሁሉ ይውጣ በይ፤ ለቅሶው ብረት ማቅለጫው ቤት ነው!»