ሃውሳባይ ከተራራው ወዲያ

ከተራራው ጀርባ ባለችው በኮርዴዋዲ መንደር ውሃ አይደፋም። ፊት የታጠቡበት ለዕቃ ይሆናል፣ ዕቃ የታጠበበት ለምትታለበው ጎሽ። ሙሽራ ስትገባ ቂጣና ውሃ በራሷ ዙሪያ አዙሮ ከደጅ መጣል የአገሩ ወግ ነው፤ የሰው ዓይን ያርቃል ይባላል። የኮርዴዋዲ ሰው ግን ቂጣውን ይጥልና ውሃውን ወደ እንስራው ይመልሳል።

ማንዳም የገባችው እንዲሁ ነበር። የሃውሳባይ ልጅ ባባን ያመጣት ከተራራው ወዲያ፣ ከባሕሩ ዳር ነው። እሷ ከገባች ወዲህ ዝናብ ጭራሽ ጠብ አላለም። ጎረቤቱ "እግረ ደረቅ" አላት፤ ሃውሳባይም አመነች። የማሽላው ቡቃያ አፈር ሲመስል ምራቷን ጠራቻት።

"ልብስሽን ሰብስቢ። እናትሽ ቤት እመልስሻለሁ።"

"ሁሉንም ነው?"

"ሁሉንም።"

ባባን ሚስቱን ይወዳል፣ እናቱን ይፈራል። ስለዚህ በሬውን ሊያይ ወጣ።

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲይዝ ማንዳ ቀስ ብላ፣ "እማዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም" አለች። "ነፋሱ ከባሕር ውሃ አዝሎ ይመጣል። ተራራው ላይ ሲወጣ ይበርደውና ሸክሙን እኛ ላይ ያራግፋል። ወደ እናንተ የሚወርደው ባዶውን ነው።"

"ነፋስም እንደ አማች ሆነና፣ የሚሰጠውን ሁሉ ለእናንተ ሰጥቶ እኛ ጋ ለወሬ ይመጣል?"

"እንደሱ ነው።"

ጫፉ ላይ ሲደርሱ መስኮቱ ጠቆረ። ከኋላቸው ፀሐይ ነበር፤ ከፊታቸው የሚወርደውን ግን ሃውሳባይ መጀመሪያ ዝናብ አላለችውም። አውቶቡሱ ወንዝ የገባ መስሏት እግሯን አነሳች።

የማንዳ እናት ቤት ግድግዳው ሻግቷል፣ ጨው ውሃ ሆኗል፣ ልብስ በምድጃ ላይ ተሰቅሏል። ሃውሳባይ ሩዝና ዓሣዋን በልታ ለማንዳ እናት ዋናውን ጥያቄ አነሳች።

"ማንዳ ሳትወለድስ እንዲህ ይዘንብ ነበር?"

"ገና ሳትወለድ አባቴ ሲሞቱ፣ አስከሬናቸውን የምናቃጥልበት እንጨት አልነድ ብሎ ስንት አሳየን።"

"እኛ ጋ ከመጣች በኋላስ?"

"ያው ነው። እኔማ ስድራት፣ እሷ እንኳ ልብሷ ይድረቅላት ብዬ ነበር።"

ለካ ዝናቡ የማንዳን መኖርም መሄድም ልብ አላለም።

ጡረታ የወጣው ወታደር፣ የማንዳ አባት፣ ከጥግ ጣልቃ ገባ። "በአሳም ክፍለ አገር ሳገለግል ጫማዬ እግሬ ላይ ሻገተ፤ ተራራው ነፋሱን ይገታዋል። ራጃስታን በረሃ ደግሞ ተራራው ከነፋሱ ጎን ለጎን ተጋድሟል፤ ማን ያቁመው? ላቤ ሳይወርድ ደረቀ። አንድ አገር ነው፣ ደመወዙም ያው።"

ጠዋት ሃውሳባይ እርጥብ ቀሚሷን ለበሰች።

"ማንዳ፣ ልብስሽን ሰብስቢ።"

"የቱን?"

"ሁሉንም። አውቶቡሱ ያመልጠናል።"

ኮርዴዋዲ ሲደርሱ ጎረቤቷ ቸንድራባይ ደጅ ላይ ጠበቀቻቸው። "መልሰሽ አመጣሻት?"

"ዝናቡን የሚያስቀረው ተራራው ነው፤ አይቼዋለሁ። ቅር ያለው ሄዶ እሱን ይክሰስ።"

ማንዳን ከደፉ ላይ አስቆመቻትና ገብታ ቂጣና አንድ ሙሉ የነሐስ ዋንጫ ውሃ ይዛ ወጣች። በራሷ ዙሪያ አዞረች። ቂጣውን ስትጥል ዶሮዎች ሮጡ። ቸንድራባይ ወደ እንስራው ትመለሳለች ብላ መንገድ ለቀቀችላት። ሃውሳባይ ግን ዋንጫውን እስከ ጠብታው አፈር ላይ ገለበጠችው።

"ምን ነካሽ አንቺ?"

"ያን ጊዜ ያጎደልኩባት ነው።"

ማንዳ አለቀሰች። ሃውሳባይ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት።

"በይ፣ ይሄንንም አታባክኚ።"